ፋይሉ ውስጥ የነበረ፣ ገጹ ላይ ያልነበረ ስም

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ነገር ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር አብረውኝ ለሚኖሩት ለእናቴና ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ስሰግድ እንኳ «ያጠፋሁትን ማረኝ» እል ነበር እንጂ ጥፋቱን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ዛሬ አራት ሰዎች ያውቁታል፤ አራቱም ያወቁት ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው። አሁን ደግሞ እናንተ ልታውቁት ነው።

እውነቱን ለመናገር ቀሎኛል። ከቀለለኝ በኋላ መጻፌ ራሱ ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ከባድ በነበረበት ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ያኔ አልተናገርኩም።

ሀያት እባላለሁ። የተወለድኩት ኮምቦልቻ ነው፤ አባቴ ብትን ጨርቅ ሊነግድ መቐለ ሲመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤት ውስጥ የወሎ አማርኛችንን እንናገራለን፣ ከደጃፍ ወዲያ ትግርኛ። ኮምፒውተር ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ እዚያው መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ አካባቢ አንድ የጤና ማሰልጠኛ ቀጠረኝ። ማሰልጠኛው ዛሬ የለም፤ ቢኖርም ስሙን አልጠራውም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለምና። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ሰጡኝ። አባቴ በደስታ ገበያውን ሁሉ አዳረሰው። «ልጄ ቢሮ ገባች» ያላለው የሱቅ ጎረቤት አልቀረም።

ማሰልጠኛው በየዓመቱ ከገጠር ወረዳዎች አርባ ልጃገረዶች መርጦ፣ መኝታና ምግብ ችሎ፣ አዋላጅ ነርስ አድርጎ ያስተምር ነበር። የተመረጡት ስም የሚለጠፈው በር ላይ ባለው ሰሌዳ ነበር፤ ልጆቹ ስማቸውን ለማየት ብቻ ስንት ሰዓት ተጉዘው ይመጣሉ፣ ያላለፉት ደግሞ አልቅሰው ይመለሳሉ። የማሰልጠኛው ኃላፊ አቶ ተኽላይ ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጠሩኝና «ዘንድሮ ስሙ በኢንተርኔት ይውጣ። ሰው አንዲት ወረቀት ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ አይምጣ» አሉኝ።

ሥራው ቀላል ነበር። ጸሐፊዋ የአርባዎቹን ስም በፊደል ተራ ተይባ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጋ ትሰጠኛለች። እኔ ያንን ፋይል ሰርቨሩ ላይ አስቀምጣለሁ። ሰው ድረ ገጹን ሲከፍት ኮዴ ፋይሉን ከፍቶ፣ አንድ አንድ መስመር እያነበበ ወደ ገጹ ይልካል። አንድ መስመር፣ አንድ ስም። ተማሪ እያለሁ አሥር ጊዜ ያህል የሠራሁት ነገር ነው። በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት።

ስህተቱ የት እንደነበር ማንም በሚገባው ቋንቋ ልንገራችሁ። ኮዴ መጀመሪያ አንድ መስመር ያነባል። ቀጥሎ «ፋይሉ አለቀ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አላለቀም ከተባለ ያነበበውን መስመር ወደ ገጹ ይልካል፤ አልቋል ከተባለ ያቆማል። የመጨረሻውን መስመር ሲያነብስ? መስመሩን በእጁ እንደያዘ «አልቋል» ይባላል፣ ያቆማል፣ የያዘውን መስመር ሳይልክ ይቀራል። እኔ የሞከርኩበት ፋይል መጨረሻ ላይ ኢንተር፣ አዲስ መስመር የሚያወርደውን ቁልፍ፣ ተጭኜ ስለነበር ከሥር ባዶ መስመር ነበረው፤ ስለዚህ የጎደለው ባዶው ነበር፣ ስህተቱም አልታየኝም። ጸሐፊዋ ግን የመጨረሻዋን ስም ከጻፈች በኋላ ኢንተር አልተጫነችም። ለምን ትጫን? ስሞቹ አልቀዋል።

የመጨረሻዋ ስም ፍረወይኒ ነበር። በፊደል ተራ «ፈ» ወደ መጨረሻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ገጹን ለቀቅነው። ለስሞቹ ተራ ቁጥር አልሰጠሁም ነበር፤ ሰጥቼ ቢሆን አንድ ሰው «ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ለምን ቆመ?» ይል ነበር። የምዝገባው ጊዜ እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ሐሙስ ረፋድ አቶ ተኽላይ «አንድ ልጅ ሳትመዘገብ ቀርታለች፣ የተጠባባቂዎቹን ስም አዘጋጂ» ብለው አምስት ስም ያለበት ፋይል አስላኩልኝ። ሰርቨሩ ላይ አስቀምጬ ገጹን ስከፍት አራት ስም ወጣ።

አራት።

ፋይሉን ከፈትኩ፤ አምስት አለ። ገጹን አደስኩ፤ አራት አለ። ምን እንደሆነ የገባኝ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ነው። የአርባዎቹን ገጽ ከፍቼ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ። ፍረወይኒ የለችም። ሳትመዘገብ የቀረችው ልጅ ስሟን አጥታ የተመለሰች ልጅ ነበረች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ኃጢአቴ የሚጀምረው እዚህ ነውና። እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው። ማንም ይሳሳታል፤ አዲስ ሠራተኛ ደግሞ የበለጠ ይሳሳታል። ነገር ግን ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ሰዓት ይላል። ምዝገባው እስኪዘጋ ስድስት ሰዓት አለ። ልጅቷ የሓውዜን ናት፤ በአውቶቡስ ቢበዛ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የሞላችው ቅጽ ጸሐፊዋ ጋ ነው፣ ቅጹ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ከእኔ ወንበር እስከ አቶ ተኽላይ በር አሥራ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ተነሥቼ «ስህተት ሠርቻለሁ፣ ይደወልላት» ማለት ምን ነበረበት?

አልተነሣሁም።

ኮዱ ውስጥ አንዷን መስመር ከሌላዋ በላይ አወጣኋት። ከዚያ በላይ አልነበረም ሥራው። ገጹን ሳድሰው ፍረወይኒ ከነአባቷ ስም ከታች ብቅ አለች። «ደግማ ካየችው ትመጣለች» አልኩ በልቤ። ለምን ደግማ ታየዋለች? ሦስት ቀን ሙሉ ስሟን ያጣች ልጅ በአራተኛው ቀን ስሟ ይበቅላል ብላ ለምን ኢንተርኔት ቤት ትገባለች? ይህን አውቅ ነበር። እያወቅኩ እንደማላውቅ ሆንኩ። ፈራሁ። የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም፤ አባቴ ገበያውን ሁሉ አዳርሷል፤ «ይህችን ልምድ የሌላትን ልጅ ለምን ቀጠራችኋት» ያለ ሰው እንዳለም ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፈው ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም። ያን ቀን በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ይህ ስለሆነ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ምዝገባው ተዘጋ። ከተጠባባቂዎቹ የመጀመሪያዋ በፍረወይኒ ቦታ ገባች።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ፍረወይኒ መጣች። ብቻዋን አልነበረችም፤ መቐለ የምትኖረው የእናቷ እህት አደይ ለምለም (አደይ በትግርኛ እማማ እንደማለት ነው) አብረዋት ነበሩ። አንድ የሰፈራቸው ልጅ ድረ ገጹን ከፍቶ «ስምሽ አለ እኮ፣ ለምን አልሄድሽም?» ብሏት ነው የመጡት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ከእኔ በአራት ዓመት ቢያንስ ነው። ንግግሩ ሁሉ በትግርኛ ነበር፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ ነው የምጽፈው።

አቶ ተኽላይ ወደ እኔ ክፍል ይዘዋቸው ገቡና የኮምፒውተሬን ስክሪን ወደ እነሱ አዞሩት።

«ይኸው ስምሽ። ከታች።»

ፍረወይኒ ጎንበስ ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ ሳይ አልነበረም» አለች። «ሰኞም አይቻለሁ፣ ማክሰኞም አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።»

አቶ ተኽላይ ወደ እኔ ዞሩ። «ሀያት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነበር?»

እኔም «አዎ፣ ነበር» አልኩ።

ሁለት ቃል። ስህተቴን መደበቄ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ይህን ያልኩት ልጅቷ ፊት፣ ዓይኗን እያየሁ ነው። እሷ እውነቱን ተናግራለች፣ እኔ እውነቱን አውቃለሁ፣ ከክፍሉ ሰው ሁሉ መካከል የእሷን እውነት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔው ደግሞ ካድኩት።

አደይ ለምለም ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ዓይን የለሽም እንዴ ልጄ?» አሏት። «ሰው የገዛ ስሙን ማንበብ ያቅተዋል? ስንት ሰው የሚመኘውን?»

ፍረወይኒ ስክሪኑን ደግማ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ለአክስቷ ሳይሆን ለእኔ «ይቅርታ፣ ሳላየው ቀርቼ ነው ማለት ነው» አለችኝ። ሥራ ስላስፈታችኝ ነበር ይቅርታ የጠየቀችኝ። እኔም «ችግር የለም» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት። እኔ ይቅር አልኳት።

አቶ ተኽላይ ቦታው መያዙን ነገሯቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት እንድትሞክር መከሯት፣ እስከ በር ሸኟቸው። በሚቀጥለው ዓመት አልመጣችም። የአመልካቾቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ የለችም። እፎይ አልኩ ልበላችሁ? አዎ፣ እፎይ ብያለሁ። ይህንንም ጻፉብኝ።

ራሴን ለማጽናናት ያላልኩት ነገር አልነበረም። «ቦታው ባዶ አልቀረም፣ ሌላ ድሃ ልጅ ገባችበት» እል ነበር። እውነት ነው፣ ገብታበታለች፤ ተመርቃም ጥሩ አዋላጅ ሆናለች። ግን አንዷ ማግኘቷ የሌላዋን መነጠቅ ምን ያደርገዋል? ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስልኩ፣ መብራቱ፣ ባንኩ፣ ኢንተርኔቱ ሁሉ ተዘጋ፤ ማሰልጠኛውም ተዘጋ። በዚያ ጊዜ የስምንት ወር እርጉዝ ጎረቤታችን አዋላጅ አጥታ እናቴና ሁለት ሴቶች በሻማ አዋለዷት፤ እኔ ውኃ አቀብል ነበር። ልጁም እናቱም ደህና ሆኑ። ሰው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» ሲል እኔ የማስበው ስለ ፍረወይኒ ነበር። አዋላጅ ልትሆን ስትችል እኔ ከልክያት ሳትሆን ስለቀረችው።

ከጦርነቱ በፊት አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ዓዲ ሓቂ ካፌ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ፤ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የወጡ ሴቶች የልብስ ፋብሪካ የደንብ ልብስ እንደለበሱ ገቡ፣ ከመካከላቸው እሷ ነበረች። ስልኳ ላይ መልእክት ገባላት። ከፈተችው፤ ግን አላነበበችውም፤ ለጓደኛዋ አቀብላ «እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አለቻት። ይህቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ነች። ነገሩ ያኔ አልገባኝም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀና ብላ ሳታየኝ መውጣት። ሻዩን ጥዬው በጓሮ በር ወጣሁ።

ያለፈው ክረምት አባቴ ታመመ። ሐኪሞቹ ኩላሊቱ ነው አሉ፤ ሰውየው ከሰውነት ተራ ወጣ። ሞት የቀረበው መስሎት የሚያውቀውን ሰው ሁሉ እያስጠራ «አውፍ በሉኝ»፣ ይቅር በሉኝ፣ ማለት ጀመረ። የሱቅ ጎረቤቶቹ መጡ። ከአሥር ዓመት በፊት በሰው ፊት በጥፊ የመታው ሸክም አውራጅ መጣ፤ አባቴ ከተኛበት ተነሥቶ እጁን ይዞ ለመነው፣ ሰውየውም «አውፍ ብያለሁ አባ፣ አብሽሩ» አለው። እኛ ቤት የፈጣሪን መብት ፈጣሪ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልተወው እንደማይሻር ነው እየተማርን ያደግነው። ሁሉም ሲሄዱ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ልጄ? የያዝኩብሽ ሐቅ ካለ አውፍ በይኝ» አለኝ።

ምንም አልያዘብኝም። «የለም አባ» አልኩት። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፋይሉን፣ ሠላሳ ዘጠኙን፣ «አዎ፣ ነበር» ያልኩትን። የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ «ልጅቷ በሕይወት አለች?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ ፈልጊያት።»

(አባቴ ድኗል። ዛሬ ሱቁ ውስጥ ነው። አውፍ ካለው ሰው ጋር እንደገና መጨቃጨቅ አሳፍሮት ለጊዜው ዝምተኛ ሆኗል።)

ፍለጋው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ትሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከጦርነቱ ወዲህ ሥራ አልጀመረም፤ ግን የቀድሞ ሠራተኞቹ ይተዋወቃሉ። አንዷ ወደ ሌላዋ እየላከችኝ በመጨረሻ እንዳ ኢየሱስ የሚባለው ሰፈር ደረስኩ። ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ከሚወስደው መንገድ ዳር የተከራየቻት አንዲት ክፍል አለች፤ በሩ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ተሰቅሏል። ገና ረፋድ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አሮጌው ላፕቶፔ ነበር።

ስፌት ማሽኗ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና ሳትል «ግቢ እህቴ፣ የሚሰፋ ነው?» አለችኝ። አላወቀችኝም።

«የሚሰፋ አይደለም» አልኳት። «ሀያት እባላለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ማሰልጠኛው ውስጥ ኮምፒውተሩ ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ስምሽ ገጹ ላይ ነበር ብዬ ዋሽቻለሁ። አልነበረም።»

መንገዱን ሙሉ የተዘጋጀሁበት ረጅም ንግግር ነበረኝ። የወጣው ይህ ብቻ ነው።

ማሽኗን አቆመች። «አልነበረም?» አለች።

«አልነበረም።»

«ሰኞ ዕለት?»

«ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም አልነበረም። ሐሙስ ረፋድ ነው ያስተካከልኩት። አንቺ በትክክል ነው ያነበብሽው።»

ስድብ ጠብቄ ነበር፣ ጥፊም ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ ገፋ አድርጋ «አሳዪኝ» አለችኝ። «እኔ ያየሁትን ገጽ አሳዪኝ።»

የድሮው ኮድና የድሮው ፋይል ሁለቱም ላፕቶፔ ውስጥ ነበሩ። ለምን እንዳልሰረዝኳቸው አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ ልሰርዛቸው ከፍቼ ዘግቻቸዋለሁ። እዚያው ማሽኗ አጠገብ ገጹን ያን ሰኞ እንደነበረ አድርጌ ከፈትኩላት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ከላይ ጀመረች። እያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ድምፅ አውጥታ አነበበች። ከታች ስትደርስ ቆመች። እንደገና ከላይ ጀመረች። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ፋይሉን ከፈትኩላት፤ ከሠላሳ ዘጠኙ ሥር የራሷ ስም አለ።

«አልሳትኩም» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው። «አልሳትኩም ነበር።»

ከዚያ ነገረችኝ። ያን ዓመት ዓይን ሐኪም ጋ ሄዳለች። ሐኪሙ ዓይንሽ ጤነኛ ነው ብሏታል፤ እሷ ግን አላመነችውም። በሚቀጥለው ዓመት ያልተወዳደረችው ስሟን ማግኘት የማይችል ሰው የመድኃኒት ብልቃጥ እንዴት ያነባል ብላ ነው። ፋብሪካ ስትቀጠር ውሉን ያነበበላት ሌላ ሰው ነው። የቤት ኪራይ ውሏንም፣ የልጇን የክትባት ካርድም ሰው ነው የሚያነብላት። ቤተሰቡ ሲሰባሰብ አክስቷ «ይህቺ እኮ ስሟ ፊቷ ተቀምጦ ያላየች ናት» እያሉ ያስቁባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ምን ልበል? እኔ የሰረቅኳት አንድ የትምህርት ቦታ መስሎኝ ነበር ስምንት ዓመት ሙሉ። የሰረቅኩት የገዛ ዓይኗን ማመን ነበር። ይህንን እኔ አላውቅም ነበር ማለት ይቀለኝ ነበር። ግን ካፌ ውስጥ ስልኳን ስታቀብል አይቻታለሁ እኮ። ማወቅ ብፈልግ አውቅ ነበር።

«አውፍ በይኝ» ልላት አፌን ስከፍት «አሁን ሂጂ» አለችኝ። «ስልክሽን ጻፊልኝና ሂጂ።»

ሄድኩ። ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁል በእግሬ ስወርድ ይቅርታ አላገኘሁም፤ ግን መሄዴ እንደ ሩጫ ነበር። እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም። አሁንም ሳስበው እፍረትና ቅለት አብረው ነው የሚመጡብኝ።

በአራተኛው ቀን ደወለች። «ነገ ሓትኖይ ትመጣለች። ኮምፒውተሩን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ሓትኖይ የምትለው አክስቷን አደይ ለምለምን ነው። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ገጹን ማየት አልፈለጉም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ያን ቀን እኔ ስቆጣት አጠገባችን ቆመሽ ነበር። ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ፣ አደይ።»

«እንጀራሽን ፈርተሽ?»

«አዎ።»

ከዚያ እኔን ትተው ወደ ፍረወይኒ ዞሩ። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ የልጅቷን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ስምንት ዓመት ያሳቅኩብሽ እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ» አሏት። ፍረወይኒ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል አልፈቀዱላትም። አሮጊት ሴት የእህቷን ልጅ ይቅርታ ስትለምን አየሁ፤ ምንም ያላጠፋች ሴት፣ እኔ ያልኩትን ስላመነች ብቻ።

ፍረወይኒ ለእኔ የመለሰችልኝ ከዚያ በኋላ ነው። «የኮዱን ስህተት ትቼልሻለሁ። እሱ ጥፋትም አይደለም» አለችኝ። «ያን ቀን "ነበር" ያልሽውንም ዛሬ ስለመጣሽ ትቼልሻለሁ። ሐሙስ ዕለት የነበሩትን ስድስት ሰዓቶች ግን ገና አልተውኩም። ስደርስበት እነግርሻለሁ።»

«እጠብቃለሁ» አልኳት። እየጠበቅኩ ነው።

ለአቶ ተኽላይም ደወልኩ። ጡረታ ወጥተዋል። ሳወራቸው አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ያን ቀን ብትነግሪኝ አላባርርሽም ነበር ልልሽ አልችልም» አሉ። «ምናልባት አባርርሽ ነበር። ግን ልጅቷ ትማር ነበር።» ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት «ቁጥሯን ላኪልኝ፤ ያን ቀን እኔም ያመንኩት አንቺን እንጂ እሷን አይደለም» አሉኝ። ደውለውላታል።

አሁን ከእናንተ ምን እፈልጋለሁ? ይቅርታ አልልም፤ የእናንተ ዕዳ የለብኝም፣ ያለብኝ የእሷ ነው። «ወጣት ነበርሽ» እንዳትሉኝ ግን እለምናለሁ። «ጦርነቱ ስንቱን ወስዶ ይህቺ ምን አላት» እንዳትሉኝም። ያን ሐሙስ ጦርነት አልነበረም። ሰላም ነበር፣ ረፋድ ነበር፣ ስልኩ ይሠራ ነበር፤ የሚያስፈልገው አሥራ ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር። አልተራመድኩም።

ይህን እንድጽፍ የጠየቀችኝም ፍረወይኒ ናት። ስሟን ልቀይረው ብላት «አትንኪው» አለችኝ። ጽፌ ስጨርስ ወሰድኩላት። ማሽኗን አጥፍታ፣ ወንበር ወደ በሩ ብርሃን አውጥታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሷ አነበበችው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። መሃል ላይ አንድ ቦታ ቆመች።

«ፋይሉ ውስጥ ስሟን ስታይ አለቀሰች፣ አቀፈችኝ ብለሻል።»

«አዎ።»

«አላለቀስኩም። አላቀፍኩሽምም። አውጪው።»

እውነቷን ነበር። አላለቀሰችም፣ አላቀፈችኝም። እኔው አሳምሬ የጨመርኩት ነበር። እስክሪብቶ ሰጠችኝ፤ እፊቷ ሰረዝኩት። ከዚያ የቀረውን እስከ ታች አንብባ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«ሌላው ልክ ነው» አለችኝ።